የደረጃው ሰሌዳ

ሕንፃችን ሎድ ነው፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፤
ሊፍቱ ከቆመ ዓመቱ፣ ደረጃው ጠርዙ ተጎርዶ።
ከፖስታ ሳጥኖች በላይ የቡሽ ሰሌዳ አለ፣
የነዋሪ ኮሚቴው ቃል በመርፌ የተንጠለጠለ።
ለታች ቤት አረጋውያን ተርጓሚው እኔ ነኝ፦
«ማክሰኞ ውሃ የለም።»
«ለጽዳት አርባ ሸቀል።»
«ድመት የምትመግቡ፣ ሳህኑን አንሱ እባካችሁ።»
ይኸው ነበር መንግሥታችን፤
ቢቆጣ ስለ ሳህን ነው፣ ቢያስፈራ ስለ ቧንቧ።

ከበዓል ማግስት ግን ወረቀቱ ወፈረ፤
«ጎረቤቶች» የሚለው ቃል
«ታማኝ ነዋሪዎች» ሆኖ አደረ።
ለአንዲት ቃል ማን ይጮሃል?
ተረጎምኳት። አለፍኩ።

በዚያው ሰሞን ሦስተኛ ፎቅ ያለው መምህር ዑዚኤል
ከክፍል ወጥቶ ቀረ። ተማሪ በስልክ ቀድቶት።
ምን ብሎ? ጠይቆ።
«ዳኛው ዝም ካለ፣ መንግሥት ሲበድል
ለማን ይከሰሳል?» ብሎ።

የናዲም ስም ከበሩ ደወል ላይ በቢላ ተፋቀ፤
የእናቴን የስኳር መድኃኒት ሃያ ዓመት በእጁ ያደረሰ ሰው።
የፋቀውን ሁሉም ያውቃል።
ያወቀ ሁሉ ደረጃ ሲወጣ
የገዛ ጫማውን ያያል።

ግሪጎሪ፣ ከታሽኬንት የመጣ ጡረተኛ መሐንዲስ፣
ዜና የሚያየው ድምፁን አጥፍቶ ነው።
ከሚኒስትሩ ጀርባ የቆመውን ባንዲራ
በካሬ ደብተር ይመዘግባል፦
ሁለት። አምስት። ትናንት ማታ አሥራ አንድ።
«ዳቦ ሲያንስ ጨርቅ ይበዛል» ይለኛል፣
ሻዩን እያማሰለ።

የሰው ካወራሁ አይቀር የራሴንም ልናገር።
የኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ራሚ፣
አምና ልጄ ደረጃው ላይ ቢቀመጥ ፖሊስ የጠራብን፣
«የማይታወቅ ጥቁር» ብሎ፣ ከሕፃንነቱ እያወቀው፣
አንድ ማታ በሬን አንኳኳ። ኬክ ይዟል።
«እኛ» አለኝ። «እኛ ካልጠበቅን ማን ይጠብቅ?»

እኛ።
ሠላሳ ዓመት ከደጅዋ የቆምኩላት ቃል፣
በመሥሪያ ቤቱ፣ በወረፋው፣ በፖሊሱ ፊት የለመንኳት፣
ከነኬኳ ቤቴ ገባች።
ክፉ በክፉ ፊቱ ቢመጣ ማን በር ይከፍትለታል?
እኔን አቅፎ ነው የመጣው።
ሞቀኝ። ፈረምኩ።

ትናንት የተሰካው ወረቀት አጭር ነው፦
«ታማኝነት የጎደለው ነገር ያየ፣ የሰማ፣
ከታች ባለው ቁጥር ይደውል። ስሙ አይጠየቅም።»
ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣
በምርኩዛቸው ቆመው ይጠብቁኛል።
ቃል ፈለግሁ። ዕብራይስጡ ለስላሳ ነው፣ ሳሙና ነው፤
በአማርኛ የመጣልኝ ሁሉ በ«ፀረ» የሚጀምር፣
በልጅነቴ ጎንደር ላይ
በድምፅ ማጉያ ሲጮህ የሰማሁት።

ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አኖሩ፤
«ተወው ልጄ፤ ይቺን እኔም አነባታለሁ።
ወንድሜን ሲወስዱት ቀበሌው በር ላይ ተለጥፋ ነበር።
ያኔም ፊደል አላውቅም። ያኔም ገብታኛለች።»
ከዚያ ቀና ብለው፦ «አንተስ? ፈርመሃል?»

ዝም አልኩ።
ዝምታዬን ራሳቸው ተርጉመው
ግድግዳውን ይዘው ገቡ።

ሌሊት እስክርቢቶ ይዤ ወረድኩ፣ ደወሉ ዘንድ።
ዐረብኛ አልጽፍም፤ በማውቀው ፊደል ጀመርኩ።
የደረጃው መብራት ደቂቃ ቆጥሮ የሚጠፋ ነው፤
አንዱን ፊደል ጽፌ ሳበቃ ጠፋ።
በጨለማው ብቻዋን ቀረች፣ «ና» የምትል።
ማንን እንደምትጠራ አላወቅሁም።
ከላይ፣ ከአራተኛ ፎቅ፣
በር ተከፈተ፤ ነጠላ ጫማ
ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር።