ያልተነሣ ክንፍ

በኤማሪ ጫካ፣ በጥዶቹ ሥር፣
ከአውሮፕላን ጅራት ተሠርቷል መቃብር።
የዱሮ ሠራዊት፣ የሌላ ባንዲራ፣
የወደቁ ልጆች፣ ከራስጌያቸው ላይ የቆመ የብረት ጭራ።
ቁጥሩ በዝናብ ታጥቦ፣ ቀለሙ ገርጥቶ፣
አንዱ ዘንበል ብሎ፣ አንዱን ሙጃ ውጦት ቀርቶ።

በየማለዳው ወደ ሥራ ስወርድ፣ ባጠገባቸው አልፋለሁ።
«ስወርድ» ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ በእውነት እወርዳለሁ፦
አርባ ሁለት ደረጃ፣ ሁለት የብረት በር፣
ከምድር በታች ነው የኛ አየር ኃይል፣ የኛ የሰማይ ዳር።

እኔም አብራሪ ነበርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደመና ሰንጥቄ፣
ዛሬ አከርካሪዬ በብሎን ታስሮ፣ ከወንበር ተጣብቄ፣
መስኮት በሌለው ቤት፣ መስኮት እከፍታለሁ፤
ክንፍ የለመደ እጄን፣ ቁልፍ አስለምደዋለሁ።

ኬይላ ገበያ፣ ድንች ስመርጥ፣ ዓሣ ሻጩ ይለኛል፦
«ሻለቃ ሄልዱር፣ አየር ኃይልና ሽቦን ምን አገናኝቷቸዋል?»
ምን ብዬ ልመልስ? አውሮፕላኑ ራሱ ዛሬ፣
ግማሹ ብረት ነው፣ ግማሹ ወሬ።
ነዳጁን የሚያዝዘው፣ ማኮብኮቢያውን የሚያበራው፣
ወዳጅን ከጠላት ለይቶ የሚጠራው፣
በሽቦ የሚሮጥ ቃል ነው። ቃሉን ያጣመመ፣
ሳይተኩስ ክንፍ ሰበረ፣ ሳይወጣ ሰማዩን ቀደመ።

ያችን የኅዳር ሌሊት ግን ለዓሣ ሻጩ አልነገርኩትም፤
ልንገረው ብልም አይፈቀድልኝም።
(ለናንተም ስነግር ስሙን፣ ቀኑን ቀይሬያለሁ፤
ጭጋጉን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ከባሕሩ በኩል፣ ስክሪኑ ላይ፣ ሰባት ነጥብ ፈለቀ፤
ስልኩ ጮኸ፤ ከላይ፣ ሃንጋሩ ውስጥ፣ የሞተር ክዳን ተላቀቀ።
ሁለት ወጣት አብራሪዎች፣ የራስ ቁራቸውን አጥልቀው፣
«ተነሡ» የሚል አንድ ቃል ይጠብቃሉ፣ መሰላል ጨብጠው።
ሰባት። ቀጥ ብለው። ወደ እኛ።
እግሬ ጠረጴዛው ሥር ፔዳል ፈለገ፣ የዱሮ ልማደኛ።

ሃምሳ አለቃ ኬርቱ ግን አልተነቃነቀችም።
ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አውሮፕላን አብርራ አታውቅም።
ሳሬማ ደሴት ነው ያደገች፣ ካንድ ዓሣ አጥማጅ ቤት፣
ከአባቷ ጋር መረብ ስትጠግን፣ በበረዶው ወራት።
«ከላይ ነፋስ አለ» አለች። «እነዚህን ነፋስ አይነካቸውም።
ሰባቱም እኩል ናቸው፤ አንዱም አይዘገይም፣ አንዱም አይቀድምም።
ዓሣ እንዲህ አይዋኝም፣ ሻለቃ። እንዲህ ያለ ነገር፣
ካንድ እጅ የወጣ ስፌት ነው።» ከዚያ ዝም። ጣቷ ይናገር ጀመር።

አዛዡ በስልክ፦ «ይነሡ? አይነሡ? ባንድ ቃል ንገረኝ!»
ይነሡ ብል፣ ሲመለሱ መብራቱን የሚያበራው ማን እንደሆነ ማን ያረጋግጥልኝ?
አይነሡ ብል፣ ሰባቱ እውነት ቢሆኑስ? የቱ መሬት ይውጠኝ?

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ፣ አርባ ሁለቱንም፣ ብሎኔ እያቃሰተ፤
በሩን ገፋሁት፤ ጭጋጉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቴ ላይ ተጎተተ።
ሞኝነት ነበር፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር ማን ድምፅ ይሰማል?
ግን ሰው ሲጨንቀው ሰማዩን ማየት ያምረዋል።
ምንም። ጥዱ ያንጠባጥባል።

ከደረጃው ሥር የኬርቱ ድምፅ ወጣ፦
«ቀዳዳውን አገኘሁት!» የገባበትን፣ ሾልኮ የመጣ።
ከነዳጅ ሒሳብ ደብዳቤ፣ ከተራ ደረሰኝ ጀርባ፣
ከሦስት ሳምንት በፊት ነው ለካ ሌባው ቤታችን የገባ።
ሰፋችው። ሰባቱ ነጥቦች፣ አንድ በአንድ ሳይሆን፣ ባንዴ፣
እንደ ልጅ ውሸት ጠፉ። «ይኸው ነው እንዴ?»
አለ ከላይ አንዱ አብራሪ፣ የራስ ቁሩን እያወለቀ።
ይኸው ነው። ክንፍ ሳይነሣ፣ ሌሊቱ አለቀ።

ሜዳሊያ የለም። ላልሆነ ነገር ማን ይሸልማል?
ጋዜጣው ስለ ጎመን ዋጋ ጻፈ። ዓሣ ሻጩ ዛሬም ይጠይቀኛል።

ብቻ በማለዳው፣ ከኬርቱ ጋር ባቋራጭ ስንሄድ፣ በጥዶቹ ሥር፣
ከጅራቶቹ ፊት ቆመች፣ እጇን ኪሷ ውስጥ ስትቀብር።
«እኛስ ስንሞት» አለች፣ «ከራስጌያችን ምን ይተክላሉ?»
መልስ አልነበረኝም። ቁራዎች ብረቱ ላይ አርፈው ያያሉ።
ከኪሷ መርፌ አወጣች፦ የአባቷን፣ የመረብ መስፊያ፣ ከእንጨት፣
ጫፉ የተላገ፣ የጨው ሽታ ያለበት።
አየችው፤ መልሳ ከተተችው። «ማታ እንገናኝ» ብላ ሄደች።
ስንት ቀዳዳ እንደቀረ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረች።