አረፈ

ሎድ። ጥር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት።
ጉሙ ከብርቱካኑ እርሻ ተነሥቶ አጥሩን ዘሎ ገባ፤
መጀመሪያ ማማውን ዋጠ፣ ቀጥሎ የነዳጁን ቦቴ፣
ቀጥሎ አጠገቤ የቆመውን የናዲምን ጀርባ።

እኔ የመብራት ሠራተኛ ነኝ፤
ሌላው ሰማይ ሲያይ፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ፣
ከመንደርደሪያው ጫፍ የተተከሉትን አምፖሎች
እንደ ሕፃን አፍንጫ በጨርቅ እጠርጋለሁ።

ዛሬ አንድ ረድፍ ጠፍቷል።
ቀበሮ ገመድ በልቶ ይሆናል፣ ወይ እርጥበት ገብቶታል፤
ናዲም ባትሪ ያበራል፣ እኔ ጭቃው ላይ ተንበርክኬአለሁ፣
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንዘፈዘፋል።

እናቴ ናት፣ ከራምላ።
ታናሽ እህቴ ፈንታዬ ከቡካሬስት እየመጣች ነው፣
ሃያ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ።
«ወረደ?» ትለኛለች።
«አረፈ?» አትልም። ያን ቃል ከአምና ወዲህ አታነሣውም።
አምና እንዲህ ባለ ጉም፣ አጎቴ ከሆስፒታል ደውሎ
«አረፈ» አላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።
እሷም ለአባቴ መኝታ እያነጠፈች ነበርና
«ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰደልኝ» ብላ
ስልኩን ዘጋችው።

«ገና ነው እማዬ» አልኩ። «ገና ላይ ነው።»

ላይ ያለውን ሰው አላውቀውም።
በሬዲዮ ድምፁን ብቻ፤ ዝግ ያለ፣
የመብራት ሒሳብ እንደሚያነብ ሰው።
መስታወቱ ላይ ወተት ተደፍቶበታል፣
ጆሮው «ዘመምህ» ይለዋል፣
መርፌዋ «ቀጥ ብለሃል» ትለዋለች፤
የገዛ ሥጋውን ክዶ መርፌዋን ያምናል።
ማየት ማመን ነው ይባላል፣ ፀሐይ ሲወጣ፤
እዚያ ግን መጀመሪያ ያምናል፣
ማየቱ ኋላ ነው፣ ከመጣ።

«ሁለት መቶ ጫማ» ይላል።
ሁለት መቶ! እኔ ያለኝ አንድ ጥንድ ነው፣ እሱም ውሃ ያስገባል።
የተፈቀደለት እዚያ ድረስ ነው፤
መብራቴን ካየ ይወርዳል፣ ካላየ ይመለሳል፤
ትንሽ ልጠጋ የለም፣ እስቲ ልሞክር የለም።

መጣ።
ጉሙ ከላይ ነጣ፣ እንደ ዳመነ ዓይን፣
ናዲም አንገቱን ሰበረ፣
ከዚያ ሞተሩ አጓራ፣ ጭቃው ከጉልበቴ ሥር ተርገበገበ፣
ሽቅብ ሄደ።
እጄን ዘርግቼ ነበር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፤
ጉም ዘግኜ ቀረሁ።

ናዲም በዐረብኛ አንድ ነገር አለ፣ አልተረጎመልኝም።
ምናልባት በእኛ ረድፍ ይሆናል የተመለሰው፣
ምናልባትም አይደለም፤ ማንም አልነገረን።
ስልኩ ደግሞ ጮኸ። አላነሣሁትም።
ገመዱን ላጥን፣ ጠመዘዝን፣ ጠቀለልን፣
ጣቴን መፍቻው ሸረፈኝ፣
ረድፉ በራ፤
ጉሙ ውስጥ አሥራ ሁለት የተላጠ ብርቱካን።

ባሕሩ ላይ አሥራ ሰባት ደቂቃ ዞረ።
አሥራ ሰባቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

ሲወርድ አላየሁትም። ማንም አላየውም።
ጎማው አስፋልቱን ሲነክስ ነው የሰማሁት፣
አጭር ጩኸት፣ ከዚያ ረጅም ማቃሰት፣
ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ፣ ቀስ ብሎ፣ በእግሩ እንደመጣ።

በዕብራይስጥ «ናሐት» አሉ በሬዲዮው፤
ወረደ፣ መሬት ነካ፣ አለቀ።
የእኛ ቋንቋ ስስታም ይሁን ለጋስ አልገባኝም፤
የደረሰውንም የሄደውንም
አንድ አልጋ ላይ ያስተኛል።

ደወልኩላት። ሌላ ቃል ፈለግሁ፣
አፌ በብርድ ደንዝዞ አንዱን ብቻ አገኘ።
«አረፈ» አልኳት።

ዝም አለች። ከኋላዋ ማፍያው ጠቅ ሲል ሰማሁ።
«ማነው ያረፈው?»
«አውሮፕላኑ፣ እማዬ። ከነፈንታዬ።»

«ተመስገን» አለች፤
ስልኩን ግን አልዘጋችውም።
ትንፋሿን እያዳመጥኩ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ፣
የናዲም ጀርባ ከጉሙ እስኪመለስ።