የዜሮ ርዝመት

ለመስኮቶቹ መስታወት ገና አልተገዛም፤
የጦሳ ጉም ሰተት ብሎ ይገባል፣ ፈቃድ አይጠይቅም።
ጠመኔ አነሳሁ፤ «ቬክተር» ብዬ ጻፍሁ፤
«መጠን ብቻ አይበቃውም፣ አቅጣጫም ይሻል» አልሁ።
«አምስት ኪሎ ጤፍ፣ ወዴት ነው? ተብሎ አይጠየቅም፤
ነፋስ ግን፣ ከየት ወዴት ካላሉት አይታወቅም።»

ቀስት ሣልሁ ቀጥ ያለ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፤
ጭራው ፒያሳ ላይ፣ ጫፉ ቦርከና ዳርቻ።
«ሐረጎስ?» አለ የረዳቱ ልጅ፣ ከኋላ ሆኖ በቀስታ፤
«ያ ሁሉ ጥምዝምዝ፣ ያ ገደል፣ ያ የፍሬን ሽታ?»
«ቀስት አሞራ ነው» አልሁት፣ «መታጠፊያ አያውቅም፤
መንገድ የሚቆጥረው ጎማ ነው፤ አሞራ ጎማ አይጠይቅም።»

«ሄዶ የተመለሰስ?» አለች ዘምዘም፣ እጇን ሳታወጣ።
«ዜሮ ነዋ! ስንቱን ዞሮ ከመነሻው ከመጣ፣
መፈናቀሉ ዜሮ ነው።» ቃሉ ካፌ ወጣ።

መፈናቀል።
አርባ ሁለት ራስ ቀና አለ።
ሃያ ዓመት ያስተማርሁት ቃል፣ ያን ቀን ገና ሰማሁት።

«በጥቅምት ወጣን» አለች፣ «በታኅሣሥ ገባን።
ሐረጎን ቁልቁል፣ በእግር፣ በሌሊት፣
አንዲት ጀሪካን በገመድ አንጠልጥለን፤
ወንድሜ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ።
እናቴ ከኋላ 'ተጠጉ፣ አብሽሩ፣
ስትራራቁ ይከብዳል' ትላለች።
አላመንናትም። ውሃው ያው ውሃ ነው።»

ሁለት ቀስት ሣልሁ ከጀሪካኑ እጀታ፣
አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ያዘመመ።
መሐላቸው በሰፋ ቁጥር ጉልበታቸው
ጎንና ጎን ሲጓተት፣ እርስ በርሱ ሲጣፋ፣
ወደ ላይ የሚተርፈው እያነሰ፣ እያነሰ።
ውሃው አልጨመረም፤ ክንዳቸው ነው የከፈለው።
እናቷ ፊዚክስ አልተማረችም፤
ሰኞ ገበያ ጨው ትሰፍር ነበር።

ዘምዘም ሰሌዳውን ብዙ አየችው።
«ስንመለስ ጀሪካኑን ብቻዬን ያዝሁት» አለች፤
«አንድ ቀስት ብቻ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ።
ልክ ነው፣ መምህር?»

ልክ ነበር።

ዜሮውን አላጠፋሁትም፤ ስሌቱ አልተሳሳተም።
ከጎኑ ግን ጻፍሁ፦ ሃያ ሦስት ቁልቁል፣ ሃያ ሦስት ሽቅብ፣
ይደመር። ርቀት አቅጣጫ የለውም፤
ስለዚህ አይጣፋም።

«ይኼ ፈተና ላይ ይወጣል?» አለ የረዳቱ ልጅ፣ ደብተሩን እያጠፈ።
«ወጥቷል» አልሁት።
ደወሉ እስኪደወል ጉሙ ወንበር ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ።