ከመሰበሩ በፊት

የቫልዲቪያ ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም፤
ሳይጠሩት ይገባል፣ ተሰናብቶ አይወጣም።
ወንዙ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ሥር፣
የባሕር አንበሶች እንደ ዕቁብተኛ
ስለ ድርሻ ይነታረካሉ።

እኔ ማዶ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ እንጨት እሰብራለሁ፤
እንጀራዬ ነው።
አግዳሚውን ጠርቤ፣ ከብረት መንጋጋ አጋድሜ፣
ኪሎ በኪሎ ጭኜ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፣
እስከ የት ትችላለህ? እለዋለሁ።
እንጨት ጨዋ ነው፤ ሳይናገር አይሰበርም፤
መጀመሪያ ቀጭን ሲጥታ፣
ቀጥሎ እንደሚንቋቋ ጣት፣
ከዚያ ነው ሁለት የሚሆነው።
ሰው ግን እየሳቀ ይሰበራል፣
"ደህና ነኝ" እያለ።

ጠረጴዛዬ ላይ ፎቶ አለ፤ ፌርሚን፣ ባሌ፤
የዓሣ አጥማጅ ካፖርት ደርቦ፣ ጥርሱን ለዝናብ አስጥቶ።
ተማሪው ያየዋል፤ ዲኑ ያየዋል፤
ዶኛ ኤዱቪጌስ ማክሰኞ ማክሰኞ አቧራውን ስትጠርግ
"ዛሬስ ከስቷል" ትለኛለች፣
ፎቶ እንደሚከሳ ሁሉ።

ትናንት ማታ ዳንኮ መጣ፣
ደብተሩን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ አጥብቆ።
ስለ ጥድ እርጥበት ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜ፤
መልሱን ያውቃል።
ዐይኑ ከፎቶው እየሸሸ፣ እየተመለሰ፣
"ፕሮፌሰር፣ ይሄ… ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው እዚህ የቆመው?"

አዎ ብል ማን ይጠይቀኛል? ጀግና እባል ነበር።
"አይደለም" አልኩት። "አሥራ አንድ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ነበር፤
ከስቴፕለርና ጊዜው ካለፈ የሳል ከረሜላ ጋር።
'ባለቤትህስ?' ሲሉኝ 'ደህና ናት' እያልኩ፣
ነውን በናት ቀይሬ፣
በአንዲት ቃል፣ በየሻይ ሰዓቱ፣ ፌርሚንን ስቀብረው።"

ያልነገርኩት አለ።
ከዳንኮ በፊት ኢቮ ነበር።
ያኔም ማታ፤ ያኔም ስለ እርጥበት ጥያቄ።
መሳቢያው ተቆልፎ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ፣
"ትምህርትህ ላይ አተኩር" አልኩት።
ሲጥታውን ሰምቻለሁ። ሙያዬ እኮ መስማት ነው።
በማግስቱ ወንበሩ ባዶ፤
በወሩ ስሙ ከዝርዝሩ ተሰረዘ።
አንዳንዴ በአውቶቡስ መስኮት ትከሻውን አያለሁ፤
ወርጄ ስከተል፣ የሌላ ሰው ትከሻ።
መሳቢያውን የከፈተው ድፍረቴ አይደለም፤
ያ ወንበር ነው።

ለዳንኮ ምን ልበለው?
"ውጣ፣ ተናገር" አላልኩትም፤
የሱ ሸክም በኔ ሚዛን አይመዘንም፤
አባቱ ኦሶርኖ መጋዝ ቤት አለው፣
የክፍያውም ደረሰኝ በአባቱ ስም ነው።
"ፎቶ ማቆም ግዴታ አይደለም" አልኩት፤
"መሳቢያም ነውር አይደለም፤
ቁልፉ ግን ካንተ ዘንድ ይሁን።
ደግሞ ና። ስለ ጥድ ባይሆንም ና።"

ዝም አለ። ዝናቡ ስለ እሱ አወራ።
ከዚያ ከወዲያ፣ ማሽኑ ላይ የረሳነው አግዳሚ
ሲጥ!
ሁለታችንም ዞርን።
"ጭነቱን ላቃልለው?" አለ ዳንኮ፣
ደብተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ።
"አቃልለው" አልኩት።