ካሮት መሳይ ካሮት

ሳስካቱን ነጭ ለብሳ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ካሮቱን ፈጭቼ፣ ዱቄት ጨምሬበት እንዲረጋ፣
በካሮት ቅርጽ ማውጫ እገለብጠዋለሁ፤
ካሮቱን መልሼ ካሮት አስመስለዋለሁ።
ሥጋውም እንዲሁ ነው፤ ተፈጭቶ፣ ረግቶ፣
ሥጋ መስሎ ይቀርባል ከሥጋነት ወጥቶ።

ክፍል አሥራ ሰባት። አቶ ኦሬስት። ዘጠና አንድ ዓመት።
አርባ ዘጠኝ ኪሎ፤ ባለፈው ወር ሃምሳ ሁለት።
ካርዱ ላይ በቀይ፦ «ዳቦ ክልክል። ውሃ እንኳ እንደ አጥሚት ወፍሮ።
ፕሮቲን ይጨመር። ቀና ብሎ ይብላ፣ በማንኪያ ተቆጥሮ።»

ዳቦ ክልክል! ስልሳ መኸር ስንዴ ያጨደ ሰው፣
በፉርጎ እየጫነ ስንቱን የማያውቀውን አገር ያጎረሰው፣
ዛሬ አንዲት ፍርፋሪ መንገድ ከሳተች፣
ሳንባው ውስጥ ገብታ እሳት ትጭራለች።

«ያልበላ ሽማግሌ የሚበላው አያጣም» አለችኝ
የምግብ ባለሙያዋ፣ ሚዛኑን እያየች፤
«የገዛ ጡንቻውን ይበላል።»
እንቅልፍ ነሳችኝ።

ትሪውን ሳስቀምጥ ካሮቱን በሹካ ነካ፤
«ትርሲት፣ ይሄ ካሮት ነው?»
«ነው።»
«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጠዋል? ፈርቶኝ ነው ለካ!»
ሳቅን። ከዚያ አፉን ገጠመ።
ማንኪያዬ አየር ላይ ከረመ።

«አንቺስ?» አለኝ። «ማንኪያ በዘረጋሽ ቁጥር አፍሽ ይከፈታል፤
ከራበው አፍ ምን ይደበቃል?»
እውነቱን ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ
እስካሁን ውሃ አልቀመስኩም፣ ሠላሳ ሁለት ትሪ ሞልቼ።

ሠራተኛ ከነዋሪ ትሪ እንዳይበላ ግድግዳው ላይ ሕግ ተለጥፏል፤
የእኛ ሰው ደግሞ «ለብቻ የበላ ለብቻ ይሞታል» ይላል።
በሩን ገፋሁት። ሌላ ማንኪያ፣ ንጹሕ፣ አመጣሁ።
ስድስት ዓመት ሠርቼው፣ ያን ቀን ገና ቀመስኩ።

ልስልስ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።
ቅርጹን መልሰንለታል፤ ጣዕሙን ግን
ማሽኑ በልቶታል።

ፊቴን አይቶ ትከሻው እንደ ካሮቱ ተንቀጠቀጠ።
ሳቁ እስኪያልፍለት ጠበቅን፤ አደገኛ ነው።
«አየሽ?» አለ። አፉን ከፈተ።
ዋጠ።

አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ። ሁለት ለእሱ።
ቅጹ ላይ የእኔን አራት ማንኪያ ቀንሼ
«ግማሽ በልቷል» ብዬ ሞላሁ።
ከፈረቃ ስወጣ እንስላል እገዛለሁ፤
እናቱ ድንች ላይ ትነሰንስ ነበር አለኝ፣
አድቅቄ፣ አልሜ፣ ባለሙያዋን አስፈቅጄ እሞክራለሁ።

ሐሙስ ይመዘናል።