ቦታ የለም

ስልኩን የገዛሁት ከገናዲ ሱቅ ነው፤
ቂርያት ጋት ገበያ፣ ዓሣ ሻጩን ሲያልፉ፣
በዐሥር ወር ክፍያ፣
ደረሰኙ ከነማኅተሙ፣ ከነጽሑፉ፤
ላስቲኩን ልጬ ሳልጨርስ
ቤቱ ሰው ሞልቶት ቆየኝ እስከ ደጃፉ።

አንዱ አክሲዮን ይጠራል፣ ሲወጣ፣ ሲወርድ፤
አንዱ እርምጃ ይቆጥራል፣ ቁጭ ስል፣ ስራመድ፤
(እናቴ ሱዳን ድረስ በእግሯ ስትሄድ
ማን ቆጠረላት?)
አንዱ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ኳስ በዱላ ይመታል፤
አንዱን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም፤
ቢጫ ነው፣ ዓይን አለው፣ ዝም ብሎ ያያል።

እንግዳስ ቢሆኑ፣ መጀመሪያ ወርቅ፣
ሲሰነብት ጨርቅ
ብሎ ይሸኛቸው ነበር አገሬው፤
እነዚህ ግን ባለርስት፣ እኔ ጭሰኛ፣
ገንዘብ ከፍዬ በገዛሁት ቤት ጥገኛ።
አያቴም በሰው መሬት አርሶ
እኩሌታውን ይሰፍር ነበር ለጌታው፤
እኔም ከሠላሳ ሁለቱ ጊጋ
ዐሥራ ዘጠኙን እነሱ ይዘው፣ የቀረኝ ትርፍራፊው።

በጣቴ ተጭኜ እይዛቸዋለሁ፤
ይንቀጠቀጣሉ እንጂ አይነቀሉም፤
«አጥፋ» የሚለው ቃል ደብዝዟል፣
ብለምነው አይሰማም፣ ብቆጣው አይሰማም።

ልጄ ሊአት ከወታደር ቤት ለሰንበት መጥታ
የጫማዋን ክር እንኳ ሳትፈታ፣
«እማ፣ እነዚህ አይወጡም፤
አብረውት ነው የተወለዱት» አለች፤
«ማስተኛት ግን ይቻላል» ብላ
አንዲት ቁልፍ አሳየች።

እኔም በዑልፓን ዕውቀቴ
አራት ፊደል ቆጥሬ አነበብኩ፤
«ሃሻባት»። ሰንበት! ደነገጥኩ።
ስልክ ውስጥም ሰንበት አለ እንዴ?
ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ፤
«ፊደሉ ነው አንድ የሆነው፤
ሲነበብ ‹ሃሽቤት› ነው፣ ሥራ አስፈታው ማለት ነው።»
ይሁን። እኔ ግን በራሴ ንባብ ጸናሁ፤
ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ
አንድ በአንድ ሰንበት አስገባኋቸው፤
ባለአክሲዮኑን፣ ባለዱላውን፣ ቆጣሪውን፣
ያንን ባለዓይን ቢጫ፣
«ዕረፉ፣ እኔም ልረፍ» አልኳቸው።

ዐረፉ። ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ሲወጣ
ስልኩ «እየታደስኩ ነው» ብሎ ጨለመ፤
ሲነጋለት ሁሉም በየቦታው ቆመ፤
እንዲያውም ሁለት ዘመድ ጨምሮ መጣ።

በዚያው ሌሊት እህቴ እንጉዳይ
ከጎንደር ድምፅ ላከች፣ ሰባት ደቂቃ የሚሆን፤
ስልኩ አልቀበልም አለ፦
«ቦታ የለም።»

ይህችን ቃል እንጉዳይ ታውቃታለች፤
ሃያ ሁለት ዓመት በቢሮ መስኮት
ፎርሟን ይዛ ሰምታታለች፤
«ዘንድሮ ቦታ የለም፣ ስምሽ አልወጣም፣ ጠብቂ።»
ያልጠራሁት ሁሉ እጄ ላይ ቤት ሠርቶ
የእናቴ ልጅ ከደጅ ራቂ!

የራሴን ፎቶ ሰረዝኩ፣
ጥብርያ ባሕሩ ዳር የተነሣሁትን፤
አንዴም አላመነታ፤ የኔን ለማጥፋት
ፈቃድ አይጠይቅም።

ሌሊት ሥራዬ ፋብሪካ ነው፤
ከመስታወቱ ወዲያ ነጭ የለበሱ ልጆች
ምስር በማታክል ነገር ላይ
ስንት ሺህ ክፍል ይሠራሉ አሉ፤
እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ኮሪደር እወለውላለሁ።
መወልወያውን ግድግዳ አስደግፌ
የእንጉዳይን ድምፅ ከፈትኩ፤
ስለሚያፈስሰው ጣራ፣ ስለ ጉልበቷ፣
ስለ ሴት ልጇ ትዳር።
«ስልክ ገዛሽ አሉ፤ ሰፊ ነው?» ስትል ሳቅሁ።
ከዚያ ዋናውን ልትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤
«እንግዲህ እህቴ፣ ቢሮው ዛሬ ጠርቶኝ —»

ቆጣሪው ጮኸ።
«እንኳን ደስ አለሽ! ዐሥር ሺህ እርምጃ።»

መወልወያውን እግሬ ሥር ጥዬ
ከመጀመሪያው ከፈትኩት።