ደራሽ

የቱሃሚ ሜትር፣ የልብስ ሰፊው ገመድ፣
የሙሽራ ወገብ ሲለካ የሚሄድ፣
ዘንድሮ ቦርከናን ይለካል፣ ከድልድይ
ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ከቀይ ጭረቶች ላይ።

አምስት ነን። አንድ ደብተር። ሁለት የእጅ ባትሪ።
ዘውዴ ከፋብሪካ፣ ሉባባ አስተማሪ፣
እኔ ሥራ የሌለኝ፣ የዝናብ ቆጣሪ።

ጋሽ ይመር ይስቃሉ፦ «ውሃ ይቆጠራል?
ከላኪው ጋር ሂሳብ ማን ይተሳሰባል?»

ዝም ብለን እንጽፋለን።
ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ ስምንት ሰዓት ሌሊት፣
ሰማንያ ሁለት ሳንቲም፣ ድፍርስ፣ ከነእንጨት።
ሐምሌ ሃያ፦ ባዶ። ሉባባን አተኩሷት።

ነሐሴ አራት ማታ ከደሴ ተደወለ፤
እንድሪስ ነው፣ ከጦሳ ሥር። «አለፈኝ» አለ።
ሌላ አልጨመረም።

ደብተሩን ገለጥን፦
ከእሱ እስከ ድልድያችን ሰባ ደቂቃ አለን።
በር እያንኳኳን፣ ከብት እየፈታን፣
አሮጊት አዝለን፣ የተኛ ልጅ ታቅፈን
ወደ ላይ። ወደ ላይ።

ሲነጋ፣
ከዘምዘም በር መቃን ላይ
የልጇ ቁመት አለ፣ በከሰል የተሰመረ፤
ደለሉ ከዚያ በላይ ደርቆ ነበረ፣
በአራት ጣት።
ቱሃሚ ለካው፤ መልሶ ለካው።
ልጁ ከመቃኑ ተጠግቶ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣
«አሁን ማን ይረዝማል?» አለ።
የመለሰለት የለም።

ጋሽ ይመር ደብተሩን ተቀብለው አዩት፤
«ደራሽ ደራሽን ቀደመው» አሉና ዘጉት።

ገጹ ርሶ ኖሮ ቀለሙ ፈሷል።
ሉባባ እስክሪብቶ ለመነች፤
ቁጥሩን እንደገና ጻፈችው፣
ከሥሩም፦ ዝናቡ አላባራም።